የሕዝብ ቴአትር ቤት ለማን ያገለግላል?

«ቴአትር» የሚለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የተወረሰ ሲሆን፥ የመጀመሪያ ፍቺው «የመመልከቻ ስፍራ» ማለት ነው። ቃሉን ያወጡት ሰዎች ቤቱን የሰየሙት በሚጫወተው ሰው ሳይሆን በሚመለከተው ሰው እንደ ሆነ ልብ ማለት ይገባል። በእርግጥም ነገሩ እንዲሁ ነው። ደራሲ ጽፎ በመሳቢያው ያስቀመጠው ተውኔት ገና መጽሐፍ ነው፤ ተዋናይ በባዶ አዳራሽ ብቻውን የሚያሰማው ቃል ገና ልምምድ ነው። ልዩ ልዩ ኑሮ ያላቸው ሰዎች በአንድ ጣራ ሥር ተሰብስበው፥ በአንድ ሰዓት አንድ ነገር ሲያዩና ሲሰሙ ግን ያን ጊዜ ቴአትር ሆነ ይባላል።

እንግዲህ የቤቱ ስም ከተመልካቹ የተገኘ ከሆነ፥ ከዚህ የሚከተል አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። ሕዝብ በገዛ ገንዘቡ ባሠራው አዳራሽ ተሰብስቦ ሊያይ የሚገባው ምንድን ነው? ደስ የሚያሰኘውን ነውን? ወይስ አስተዳዳሪዎቹ እንዲማረው የሚሹለትን ነው? ወይስ ከሁለቱም የተለየ ሌላ ነገር አለ? ጥያቄው የሥነ ጥበብ ሰዎችን ብቻ የሚመለከት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በአገራችን ታላላቆቹ ቴአትር ቤቶች በታሪካቸው በመንግሥት ወይም በከተማ አስተዳደር በጀት ሲተዳደሩ የኖሩ ስለ ሆነ፥ ተዋናዩም መብራት አብሪውም በደመወዝ መዝገብ ላይ የሚፈርም ሠራተኛ ሆኖ ስለ ኖረ፥ ነገሩ በቢሮ ወንበር ላይ የምንቀመጠውን ሁሉ በቀጥታ ይነካናል። በጀት የሚፈቅድ እጅ ብዙ ጊዜ ተውኔቱንም ሊያርም ይፈልጋልና።

ለዚህ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ቴአትር የሕዝብ ትምህርት ቤት ነው» የሚል ነው። አባባሉ በመክፈቻ ንግግሮች ላይ ተደጋግሞ ስለሚሰማ የሚጠራጠረው ሰው ጥቂት ነው። እውነትነቱ ግን የግማሽ ነው። በትምህርት ቤት አንድ የሚያውቅ መምህርና ብዙ ገና ያላወቁ ተማሪዎች አሉ። በቴአትር አዳራሽ በሚቀመጠው ሕዝብ መካከል ግን ባሏን የቀበረች እናት፥ ዕዳ የያዘው ነጋዴ፥ ጦር ሜዳ የዋለ ወታደር፥ ፍርድ የተጓደለበት ገበሬ ይገኛሉ። እነዚህ ሰዎች ስለ ሐዘን፥ ስለ ገንዘብ፥ ስለ ሞትና ስለ ፍትሕ የሚያውቁት ከደራሲው የበለጠ እንጂ ያነሰ አይደለም። ደግሞም ጧት በመሥሪያ ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያነበበውን ሰርኩላር ማታ በመድረክ ላይ በቀለምና በልብስ አጊጦ ለማየት ገንዘቡን ከፍሎ የሚመጣ ሰው የለም። ስለዚህ ቴአትር ከትምህርት ቤት ይልቅ ለአደባባይ ይቀርባል፤ ጣራ የተሠራለት አደባባይ ነው ለማለት ይቻላል። በአደባባይ ደግሞ ሁሉም ይናገራል፥ ሁሉም ይሰማል፥ ሁሉም በልቡ ይፈርዳል።

ይህ ሐሳብ ለእኛ ባዕድ አይደለም። አባቶቻችን መድረክና መጋረጃ ሳይኖራቸው የአደባባይ ጨዋታ ነበራቸው። በበላ ልበልሃ ሙግት ጊዜ ተሟጋቾቹ ነጠላቸውን አጣፍተው፥ በግጥምና በምሳሌ ሲከራከሩ፥ መንገደኛው ሳይቀር ቆሞ ያዳምጥ፥ የቃሉን ውበትና የነገሩን እውነት በአንድነት ይመዝን ነበር። አዝማሪውም በግብር አዳራሽ ጌታውን በሰሙ ሲያሞግስ በወርቁ ይወጋው ነበር። ከሁሉም ይልቅ ግን ልናስበው የሚገባ አንድ የቆየ ልማድ አለ። የቀድሞ ሹማምንት የአገሩን ስሜት ለማወቅ ሲሹ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። መኳንንቱ ምን እንዳሉ ለማወቅ አልተቸገሩም፤ እነርሱ በየቀኑ በግቢው እጅ ሲነሡ ይውሉ ነበርና። የተፈለገው ከብቱን እየጠበቀ በጋራው ላይ የሚያንጐራጉር ልጅ ነው። ይህ ልጅ ስለ ምን ተፈለገ? በቃሉ የሚያገኘው ሹመት ስለሌለው ነው። ሹሙ ለእረኛው ጥቂት ብር ሰጥቶ «አወድሰኝ» ቢለው ኖሮ፥ እረኛው ያወድሰው ነበር፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የእረኛው ዘፈን ለሹሙ አንዳች ወሬ ባልነገረው ነበር። ገንዘቡንም ወዳጁንም በአንድ ጊዜ ያጣል ማለት ነው።

የሕዝብ ቴአትር ጥያቄ በሙሉ በዚህ ምሳሌ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። በሕዝብ ገንዘብ የሚኖር ቴአትር ቤት ደመወዝ የተቆረጠለት እረኛ ነው። ደመወዙ ሳይቀርበት እውነቱንም ሊናገር ይችላልን?

ይችላል ብለን እንድናምን የሚያደርገን የጥንት ምስክር አለ። በአቴና ከተማ የቴአትር በዓል የመንግሥት በዓል ነበር። ተውኔቱን የሚመርጠው የከተማው ሹም ሲሆን፥ የመዘምራኑን ወጪ ሀብታም ዜጎች እንደ ግዴታ አድርገው ይከፍሉ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ424 ዓመት አሪስቶፋኒስ የተባለው ደራሲ «ፈረሰኞች» የተባለ ኮሜዲ አቀረበ። በዚያን ጊዜ በከተማው ውስጥ ከሁሉ የበረታው ክሌኦን ነበር፤ በጦር ሜዳ ስላገኘው ድል በቴአትር ቤት በፊተኛው ረድፍ የመቀመጥ ክብር ተሰጥቶት ነበር። ደራሲው ክሌኦንን ጌታውን በሽንገላ የሚያታልል አሽከር አድርጎ አሳየው። ይህም ብቻ አይደለም፤ ታላዩን ጌታ ደግሞ «ሕዝብ» የሚል ስም ያለው፥ በቀላሉ የሚሸነገል ሽማግሌ አደረገው። ገዢውም ተገዢውም በአንድነት ተነቀፉ ማለት ነው። ውጤቱስ ምን ሆነ? ዳኞቹ ለተውኔቱ የአንደኝነትን ሽልማት ሰጡት፤ ክሌኦንም ብዙ ሳይቆይ የጦር አዛዥ ሆኖ ተመረጠ። ከተማዪቱ በሳቅ አልፈረሰችም፤ ሹሙም በሳቅ አልተሻረም። ሰዎቹ ግን ማንን እንደ መረጡ ዐውቀው መረጡ።

በእኛ አገር ዘመናዊው ቴአትር ሲጀመር የሆነው ከዚህ የተለየ ነው። በልጅነታቸው ወደ ሩስያ ሄደው ለብዙ ዓመታት የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፥ በ1910ሮቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ «የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔት ደረሱ። ተውኔቱ በአዲስ አበባ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ለመኳንንቱ ታየ። ደራሲው በእንስሳት አምሳል የአስተዳደሩን ጉድለት፥ የሹማምንቱን ስንፍናና መማለጃ ነክተው ነበር። በእንስሳት አምሳል መናገር ለሰሚው ማምለጫ የሚሰጥ ጨዋ ዘዴ ነው፤ ጅቡን አይቶ «እኔ አይደለሁም» ለማለት ማንም ይችላል። ዳሩ ግን ብዙዎቹ ራሳቸውን በአውሬው ውስጥ አገኙት። ነገሩ ለንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ተነገረ፤ ተውኔቱም ታገደ። ከዚህ በኋላ የቴአትር ሥራ ለዓመታት ተቋርጦ ቆየ።

«ንጉሥ አይከሰስ፥ ሰማይ አይታረስ» በሚባልበት ዘመን ይህ መሆኑ አያስደንቅም። የሚያሳዝነው ግን ሌላ ነው። ያን ተውኔት የጻፈው ሰው የመንግሥት ጠላት ነበርን? አልነበረም። በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እኒሁ ተክለ ሐዋርያት ናቸው። የገንዘብ ሚኒስትርም ሆነው አገልግለዋል፤ ጣልያን አገራችንን ልትወር ስትነሣ በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ የተከራከሩትም እርሳቸው ነበሩ። እንግዲህ በመድረክ ላይ የተናገረው አፍና ሕገ መንግሥቱን የጻፈው እጅ የአንድ ሰው ናቸው። በአውሬዎቹ አምሳል የነቀፉት ጉድለትና በሕግ ሊያቀኑት የደከሙበት ጉድለት አንድ ነበር። መጋረጃው የተዘጋው በጠላት ላይ ሳይሆን በአገልጋይ ላይ ነው። «የሚወድህ ያስለቅስሃል፥ የሚጠላህ ያስቅሃል» የሚለውን ተረት የምንተርት ሰዎች ለዚህ ነገር ልዩ ማስተዋል ሊኖረን በተገባ ነበር።

በዚህ ላይ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱትን የሼክስፒርን «ሐምሌት» ማሰብ ይጠቅማል። በዚያ ተውኔት ውስጥ ልዑሉ አባቱን ማን እንደ ገደለ ለመረዳት ሲሻ፥ ተጫዋቾች ጠርቶ ተመሳሳይ ግድያ በንጉሡ ፊት ያስጫውታል። ቤተ መንግሥቱ በሙሉ ተቀምጦ ሲያይ፥ ንጉሡ ብቻ ተነሥቶ መብራት ይጠራል። ጨዋታውን ያቋረጠው ማንም ሳይከስሰው ራሱን ከሰሰ። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ፤ ሰውየው ሥራው የቀና ቢሆን ኖሮ እስከ ፍጻሜው ተቀምጦ ባየ ነበር።

ይሁን እንጂ «ቴአትር ሁልጊዜ ነቃፊ ይሁን ማለትህ ነውን? አገር የሚያስፈልጋት ወቀሳ ብቻ ነውን?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም የሀገር ፍቅር ታሪክ ይሰጠናል። በ1927 ዓ.ም. የጣልያን ጦር በድንበራችን ላይ ሲከማች፥ በአቶ መኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ሕዝቡ በአደባባይ እየተሰበሰበ ንግግር፥ ዘፈንና አጫጭር ጨዋታ ይሰማ ነበር። ከነጻነት በኋላም በ1934 ዓ.ም. ማኅበሩ እንደ ገና ተደራጅቶ በቴአትር ቤትነት ቀጠለ። በዚያ በ1927 ዓ.ም. የተሰበሰበው ሕዝብ ወቀሳ አልፈለገም፤ ልቡን የሚያጸና ቃል ፈለገ፥ አገኘም። ነገር ግን ልብ እንበል፤ ያ ቃል ሕዝቡ ዘንድ የደረሰው ከላይ ስለ ታዘዘ ብቻ አይደለም። ፍርሃቱም ቍጣውም አስቀድሞ በእያንዳንዱ ሰው ቤት ነበረ፤ መድረኩ በየቤቱ የነበረውን አውጥቶ የጋራ አደረገው። እውነት የሆነ የአገር ፍቅር ጨዋታ እውነት ከሆነ ወቀሳ ጋር አይጣላም፤ ሁለቱም ሰው በልቡ የያዘውን ያወጣሉና። ሐሰት የሚሆነው ሰው በልቡ የሌለውን እንዳለ አድርጎ ማጫወት ነው። ሕዝቡ በተራበበት ወራት ስለ ጥጋብ የሚዘፍን መድረክ፥ ገንዘቡን የሰጠው ማንም ይሁን ማን፥ አገርን አይወድም።

እስካሁን ስለ አንዱ ጌታ፥ ስለ ሹሙ ተናገርን። ነገር ግን ቴአትር ቤት ሁለተኛ ጌታም አለው፤ እርሱም የትኬት መስኮቱ ነው። ሹሙን መሸንገል ነውር ከሆነ ሕዝቡን መሸንገልም ነውር ነው። ተመልካቹ የሚወደውን ቀልድ፥ የሚወደውን ለቅሶ፥ የሚወደውን ስድብ ብቻ እየቀዳ የሚያጠጣ ቴአትር ቤት ገቢው ይደረጅ ይሆናል፤ ግን ሥራውን ትቷል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልግ ድፍረት እንዴት ያለ እንደ ሆነ መንግሥቱ ለማ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በደረሷቸው ኮሜዲዎች አሳይተዋል። «ያላቻ ጋብቻ» የዘርና የመደብ ኩራታችንን ሲነካ፥ «ጠልፎ በኪሴ» ደግሞ ሴት ልጅን ጠልፎ የማግባትን ልማድ መሳቂያ አደረገው። እዚህ ላይ የተሳቀበት ሚኒስትር ወይም ገዢ አይደለም፤ በአዳራሹ የተቀመጠው አባት፥ ወንድምና ጐረምሳ ራሱ ነው። በዚያ ዘመን የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ቢቀጣም፥ ተጠላፊዪቱ ጠላፊዋን ካገባች ክሱ እንዲቀር የሚያደርግ በር ትቶ ነበር። ይህ በር የተዘጋው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። ተውኔቱ ሕጉን ቀየረ ማለት አይደለም፤ ግን ሕጉ ዝም ባለበት ዐርባ ዓመት ያህል ውስጥ ነገሩ ነውር መሆኑን በሰው ፊት የተናገረ መድረክ ነበረ። ሕግ የሚከለክለው ድርጊትን ነው፤ ሰው በድርጊቱ እንዳይኰራ የሚያደርገው ግን ከሕግ የቀደመ ሌላ ኀይል ነው። በሰው መካከል ተቀምጦ በራስ ላይ መሳቅ ከዚህ ኀይል አንዱ ነው።

ቴአትሩ ያለ ስብከት ያስተማረው ሌላ ነገርም አለ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ ሴት በመድረክ ላይ መቆሟ እንደ ነውር ይቈጠር ነበርና። ኋላ ሴቶች ራሳቸው ብዙ ስድብና ሐሜት ችለው ወደ መድረኩ ወጡ። ስለ ሴቶች መብት አንዳች ንግግር ሳያደርጉ፥ በመቆማቸው ብቻ፥ ተመልካቹ ሴትን በአደባባይ ስትናገር መስማትን ለመደ።

ከፈላስፎች ወገን ግን ቴአትርን በሌላ በኩል የሚከሱ አሉ። አፍላጦን ባለቅኔዎችን ከሚያስባት መንግሥት አስወጣቸው፤ ስሜትን እያጠጡ ያሳድጋሉ፥ አእምሮን ያደክማሉ ሲል። በእኛ ዘመን አቅራቢያ ደግሞ ሩሶ፥ በጄኔቭ ቴአትር ቤት ይከፈት የሚል ሐሳብ በቀረበ ጊዜ፥ በ1758 ዓ.ም. እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር፥ ለዳላምቤር በጻፈው ደብዳቤ ሐሳቡን አጥብቆ ተቃወመ። ከክሶቹ ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ ሰው በቴአትር ስለ ሌለ መከራ ያለቅሳል፥ ካለቀሰም በኋላ ለድኾች ሊያደርግ የሚገባውን ሁሉ ያደረገ ይመስለዋል፤ እንባው ምጽዋት ይሆንለታል።

ይህን ክስ ቀላል ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። በመድረክ ላይ ስለ ታረዘች ወላጅ አልባ ልጅ መሐረቡን ያራሰ ሰው፥ ከአዳራሹ ሲወጣ በደጁ የተቀመጠችውን እውነተኛ ልጅ አልፏት ይሄዳል። ነገር ግን ክሱ የሚጸናው በየትኛው ቴአትር ላይ እንደ ሆነ እንመርምር። ክፋት ሁሉ የአንድ ክፉ ሰው ሥራ በሆነበት፥ ክፉው ሲወድቅም ነገሩ ሁሉ በተፈጸመበት ተውኔት ላይ ይጸናል። እንዲህ ያለው ተመልካቹን ከተጠያቂነት ነጻ ያወጣዋልና ቀልሎት ይሄዳል። ተመልካቹ ራሱን በክፉው ሰው ውስጥ ትንሽ ካገኘ ግን፥ በደጁ ያለችውን ልጅ ሲያይ ተውኔቱ ገና አላለቀም። ስለዚህ የሩሶ ክስ ቴአትርን አያስዘጋም፤ ሸንጋዩን ቴአትር ግን በትክክል ይከሳል። ሕዝብን እየሸነገለ የሚያስለቅሰውም፥ ሹምን እየሸነገለ የሚያስጨበጭበውም በአንድ ክስ ይያዛሉ፤ ሁለቱም ሰውን ከራሱ ጋር ሳያገናኙት ወደ ቤቱ ይሰዱታልና።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለሥራችን የሚሆን ምን እናወጣለን? በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ኪነ ጥበብን የመደገፍ ኀላፊነት እንዳለበት ይናገራል። በአንቀጽ 29 ደግሞ ሐሳብን በሥነ ጥበብ መልክ የመግለጽን ነጻነት ይሰጣል፤ በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃንም ልዩ ልዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ እንዲችል ሆኖ እንዲመራ ያዝዛል። ቴአትር ቤት ጋዜጣ ወይም ራዲዮ አይደለም፤ ነገር ግን የሐሳቡ መሠረት አንድ ነው። ገንዘቡ የሁሉ ከሆነ ድምፁም የሁሉ ሊሆን ይገባል። መደገፍ ሌላ ነው፥ መያዝ ሌላ ነው። ሸንበቆ ለቲማቲም ተክል ድጋፍ ይሆናል፤ ፍሬውን ግን ሸንበቆው አያፈራም።

በጀት የሚፈቅድ ባለሥልጣን አንድ ተውኔት ሲቀርብለት «ይህ እኛን ይነካል ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ይህ እውነት ነው ወይ? በጥሩ ሁኔታስ ተሠርቷል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ሥራውን ሠራ ይባላል። ቢቻለውም በፊተኛው ረድፍ ተቀምጦ፥ ሕዝቡ በየትኛው ቃል ላይ እንደሚስቅና በየትኛው ላይ ዝም እንደሚል ያዳምጥ። ከአንድ ዓመት ሪፖርት ያላገኘውን በአንድ ምሽት ያገኘዋል፤ ሪፖርት የሚጽፈው ሰው አለቃውን ይፈራል፥ በጨለማ የሚስቅ ሰው ግን ማንንም አይፈራም። የቴአትር ቤት ኀላፊም ከሁለቱ ጌቶቹ፥ ከሹሙና ከትኬት መስኮቱ፥ አንዱን ለማምለጥ ወደ ሌላው እቅፍ እንዳይገባ ይጠንቀቅ። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ ቴአትር ሲወስዱ «ምን ተማራችሁ?» ብለው ብቻ አይጠይቁ፤ «ማንን አያችሁ? ራሳችሁንስ አያችሁ?» ብለው ቢጠይቁ ይሻላል። ቴአትር ቤት በሌለበት አውራጃም ቢሆን የትምህርት ቤት አዳራሽና ጥቂት ደፋር ልጆች ካሉ አደባባዩ አለ።

እረኛው ዛሬም ያንጐራጉራል። ልዩነቱ ዛሬ ጣራ፥ መብራትና መቀመጫ ያለው አዳራሽ ተሠርቶለታል፤ ደመወዝም ተቈርጦለታል። ይህ ሁሉ የተደረገለት ድምፁ ከጋራው ርቆ እንዲሰማ እንጂ ዜማውን እንዲቀይር አይደለም። አባቶቻችን መንገድ ሄደው፥ ሰው ልከው፥ ጠይቀው የሚያገኙትን ወሬ እኛ በከተማችን መካከል በትኬት እናገኘዋለን። «እረኛ ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሹም ምንጊዜም ከአገሩ ጋር ይኖራል፤ «እረኛ ይህን በል» የሚል ግን የገዛ ድምፁን ከገደል ማሚቶ ይሰማል።